ከእንግዳ ወደ ተከራይ፦ የማደሪያ ምዝገባ ታሪክ በአማርኛ ቃላት ሲታይ

በአማርኛ «አደረ» የሚለው ግስ በአንድ በኩል ሌሊትን ማሳለፍን፣ በሌላ በኩል ለሰው ተገዝቶ መኖርን ያመለክታል። መንገደኛ በሰው ቤት ያድራል፤ ሎሌም ለጌታው ያድራል። ከዚሁ ሥር ማደሪያ፣ አዳሪና መተዳደሪያ ወጥተዋል፤ በመጨረሻም አስተዳደር። ስለዚህ የማደሪያ ቤት በመንግሥት መዝገብ ውስጥ እንዴት እንደገባ የሚመረምር ሰው፣ ሁለቱን ጉዳዮች ቋንቋው አስቀድሞ በአንድ ሥር አስሮ እንዳቆያቸው ይረዳል። የቃላት ዝምድና ብቻውን ታሪክ አይሆንም፤ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት በየዘመናቸው የየራሳቸውን መንገድ ይሄዳሉ። ሆኖም ሕግ አውጪው፣ የቀበሌው ጸሐፊና ተከራዩ በየጊዜው የመረጧቸው ቃላት፣ ማን እንደሚመዘገብና ለምን እንደሚመዘገብ ከአዋጁ መግቢያ ይልቅ አጥርተው የሚናገሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሌላው ጥንድ «እንግዳ» እና «ንግድ» ናቸው። ሁለቱም መጓዝንና መነገድን ከሚያመለክተው የግዕዝ «ነገደ» ጋር ይዛመዳሉ። በግዕዝ «ነጋዲ» መንገደኛም ነጋዴም ነው። በአማርኛ ግን ሁለቱ ተለያይተው እንግዳው የሚስተናገድ፣ ነጋዴው የሚከፍልና የሚያስከፍል ሆነዋል። በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ገጠር የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች» ብሎ ሲጣራና «የመሸበት እንግዳ» መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ከውስጥ የሚመጣው መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነበር። በዚህ ልውውጥ ስም አይጠየቅም፤ መጠየቁ ከመጣ እግር ከታጠበና እህል ከተቀመሰ በኋላ ነው። ቤቱን ለእግዚአብሔር የሰጠ ባለቤት ዋጋ ሊጠይቅበት አይችልም። በሌላ በኩል አስተናጋጁ እንግዳው እስኪወጣ ድረስ ለደኅንነቱ ኃላፊ ነበር። ዛሬ መዝገብ የሚሠራውን ሥራ ያን ጊዜ የሚሠራው የአስተናጋጁ ክብር ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ሥርዓት ያለመጠን ማሳመር ግን አይገባም። ማሳደር በውዴታ ብቻ የሚፈጸም አልነበረም። የንጉሡ ወይም የገዥው እንግዳ የሆነ ሰው ባለፈበት አገር ሁሉ ገበሬው «ድርጎ» እንዲያቀርብለት ይታዘዝ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች ማስታወሻ ስለ ድርጎ መብዛትና መጉደል በሚነሣ ክርክር የተሞላ ነው። ከዚህ የከፋው ወታደር በገበሬ ቤት ተመርቶ መቀለቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1884 ዓ.ም. አሥራት እንዲከፈል ሲያዝዙ አንዱ ዓላማ ገበሬውን ከዚህ ሸክም ማሳረፍ ነበር። በመንግሥትና በማደሪያ መካከል የነበረው የመጀመሪያው ግንኙነት እንግዲህ ቁጥጥር ሳይሆን ግዴታ ነው። መንግሥት ቤቱን አይመዘግብም፤ ሰው ይልክበታል እንጂ።

መዝገብ የሚለው ቃል ራሱ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አልነበረም። በግዕዝ «ዘገበ» አከማቸ፣ አደለበ ማለት ሲሆን፣ «መዝገብ» የሀብት ማከማቻ ወይም የተከማቸው ሀብት ነው። አማርኛ ከዚህ ስም «መዘገበ» የሚል አዲስ ግስ አወጣ፤ ኋላም ከጥንቱ ሥር ለጋዜጠኛ «ዘጋቢ»ን፣ ለሥራው «ዘገባ»ን አበጀ። በአብያተ ክርስቲያናትና በቤተ መንግሥት ስለ ርስትና ስለ ጉልት የሚጻፈው በተከበሩ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ በመሆኑ፣ ጽሑፉና ሀብቱ በአንድ ዕቃ ቤት ይቀመጡ ነበር፤ የትርጉሙ ሽግግር የተመቻቸው በዚህ ምክንያት ይመስላል። መመዝገብ መጻፍ ብቻ አይደለም፤ እንደ ሀብት ማስቀመጥም ነው። ይህ ጥላ ዛሬም አልጠፋም። «ቤቱ በስሜ ተመዝግቧል» የሚል ሰው ስለ ወረቀት ሳይሆን ስለ ንብረት እየተናገረ ነው።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ መንገደኛው ዘመድም ድርጎም የሌለው ሰው የሚሆንባት ከተማ ሆነች። በ1898 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተውና በእቴጌ ጣይቱ የሚታወቀው ሆቴል ሥራ ሲጀምር፣ በገንዘብ መብላትና ማደር ለከተማው ሰው እንግዳ ነገር እንደነበረ፣ መኳንንቱም ለአርኣያ እየተመገቡ እንዲከፍሉ መደረጉ በአፍ ሲነገር ቆይቷል። ትረካው ዝርዝሩ ቢለያይም ቁም ነገሩን ይጠቁማል፦ ማፈሪያ የነበረውን ክፍያ ወደ ወግ መለወጥ አስፈልጎ ነበር። «ሆቴል» የሚለው ቃልም ሳይተረጎም የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። «የእንግዳ ቤት» ተብሎ ቢሰየም ኖሮ ዋጋ መጠየቁን ቃሉ ራሱ በነቀፈው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ስያሜዎች እንደ መንገደኛው አቅም የተደረደሩ ናቸው። ከጣሊያንኛው አልቤርጎ «ቤርጎ» መጣ፤ ቀስ በቀስም ወርዶ ርካሽ ክፍል ሆነ። «ፔንሲዮን» ከፍ ብሎ ቆየ። የቡና ቤቱ ጓሮ ክፍል ግን በአገርኛው «አልጋ» ተባለ፤ «አልጋ አለ?» የሚለው ጥያቄ ከመኪና መናኸሪያ እስከ ገጠር ከተማ ድረስ የታወቀ ነው። በዘመነ መንግሥቱ ይኸው ቃል ዙፋንን ያመለክት ነበርና «አልጋ ወራሽ» እና «አልጋ አከራይ» በአንድ ቋንቋ ጎን ለጎን መኖራቸው ፈገግ ያሰኛል። ለረጅም ጊዜ መኖሪያ የሚሆነው ቤት ደግሞ የዐረብኛ ምንጭ ያለውን «ኪራይ» ያዘ፤ ከዚህም ተከራየ፣ አከራየ፣ ተከራይ፣ አከራይ ተበጁ። በሰው ቦታ ላይ ጎጆ ቀልሶ የቦታ ኪራይ የሚከፍለውን ከተሜ ግን ሕዝቡ በገጠሩ ስም «ጢሰኛ» አለው። ቃሉ ከጢስ ስለሆነ የሚቆጥረው ሰውን ሳይሆን ምድጃን ነው።

በ1900 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የአዲስ አበባ ቦታ ይዞታ በጽሑፍ እየተረጋገጠ መሸጥና መለወጥ ጀመረ። ያን ጊዜ መዝገብ የገባው ባለ ቦታው ነው። ተከራዩም ጢሰኛውም በመዝገቡ ላይ የሉም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ልማድ በሌላ መልክ አጸናው። በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰው ይህ ሕግ 3,367 አንቀጾች ሲኖሩት፣ ማደሪያን በሁለት ስፍራ ከፍሎ አስቀምጧል። መንገደኛን ማሳደር ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ውል ከአንቀጽ 2653 ጀምሮ ከልዩ ልዩ የአገልግሎት ውሎች ጋር ሲመደብ፣ የቤት ኪራይ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ከሚመለከቱ ውሎች ጋር ሄደ። የመጀመሪያው ስለ ሰውና ስለ ጓዙ ያስባል፤ የሆቴሉ ባለቤት እንግዳው ይዞት ለመጣው ዕቃ ያለበትን ኃላፊነት ይዘረዝራል። ሁለተኛው ስለ ግድግዳና ጣሪያ፣ ስለ ጥገናና ስለ ኪራይ ዘመን ያስባል። የዛሬው የምዝገባ መሥሪያ ቤቶች መለያየት ሥሩ እዚህ ነው። ከዚህ በኋላ እንግዳ በአንድ በር፣ ተከራይ በሌላ በር ይገባል።

ታላቁ የምዝገባ ዘመን የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። «ትርፍ» የሚለው ቃል ለዚህ አዋጅ የተለካ ያህል ነበር። በአማርኛ ትርፍ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነው ነው፤ ከንግድ የሚገኘው ጥቅምም ትርፍ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች ሁለት ቃል የሚጠይቀው ነገር እዚህ በአንድ ቃል ተጠቃለለ፤ ከአንድ መኖሪያ በላይ ያለው ቤት ትርፍ የሆነው ስለበዛም ስለሚያተርፍም ነው። አድማጩ የትኛውን ትርጉም እንደሚይዝ መምረጥ አላስፈለገውም። አዋጁ አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲይዝ ፈቅዶ የቀረውን ለመንግሥት አደረገ፤ ከመንግሥት በቀር ማንም ቤት አከራይቶ ገቢ እንዳያገኝ ከለከለ፤ በወር እስከ 300 ብር የሚከፈልባቸውን ቤቶች ኪራይ ደግሞ እንደየደረጃቸው ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ።

ይህ ሁሉ ሊፈጸም የሚችለው ቤት በቤት ተዞሮ ሲቆጠር ነው። ቆጣሪ ሆኖ የተገኘው በዚያው አዋጅ የተቋቋመው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ኋላ በአጭሩ «ቀበሌ» የተባለው ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ሲተዉ፣ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። «የቀበሌ ቤት» እና «የኪራይ ቤቶች» የተባሉት ሁለት ስሞች የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ደረጃ የሚገልጹ ቅጽሎች ሆነው እስከ ዛሬ ኖረዋል። መቶ ብሯ ስትደነገግ የሒሳብ መስመር ነበረች፤ በከተማው ንግግር ውስጥ ግን የመደብ መስመር ሆና ቀረች። የኪራይ ቤቶች ድርጅት ስሙን እየለዋወጠ ኖሮ በ2009 ዓ.ም. የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሆኗል፤ በሰው አፍ ግን ኪራይ ቤቶች እንደተባለ ነው።

የቃላቱ መናጋት ከሁሉ በላይ የታየው በ«ባለቤት» ላይ ነው። ባለቤት የቤት ጌታ ነው፤ ባል ወይም ሚስት ነው፤ ለሰዋስው ሰዎችም የዓረፍተ ነገሩ አድራጊ ነው። ከ1967 በኋላ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ባለቤት አይደለም። ነገር ግን ስሙ በቀበሌው መዝገብ የሰፈረ ሰው በልማድ እንደ ባለቤት ይኖራል፤ ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ጥቂት ብር ሆኖ ስለቆየም ቤቱን የሚለቅ የለም። «በስሙ የተመዘገበ» የሚለው ሐረግ ባለቤትነትን ሳይጠራ የሚተካ ሆነ። የተመዘገበው ሰው ሲሞት በቤቱ የቀሩት ልጆች፣ እኅቶች ወይም ያሳደጋቸው ዘመዶች መከራከር የሚጀምሩት ስለ ግድግዳው ሳይሆን ስለዚያ መስመር ነው። መዝገብ ወደ ጥንታዊ ትርጉሙ፣ ወደ ሀብት ማከማቻነቱ፣ የተመለሰው በዚህ ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረው ሰውስ? ለእርሱ የቀረለት ስም «ደባል» ነው። ደባል ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ቤት የሚኖር፣ የተዳበለ ነው። የግል ኪራይ በተከለከለበት ዘመን ከተማዋ ተከራይ አላጣችም፤ የጠፋው ተከራይ የሚለው ቃል ነው። ከገጠር የመጣው ወጣት፣ ከሥራ ቦታው ርቆ የማይሄደው ሠራተኛ፣ ከባሏ የተለየችው ሴት፣ ሁሉም በሰው ቤት አንዱን ክፍል ወይም የክፍሉን ግማሽ ይዘው ደባል ሆኑ። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ደረሰኝ አይጻፍም፤ ለጠየቀም «ዘመዴ ነው» ይባላል። የጥንቱ እንግዳ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፣ ይህን ጊዜ ግን በከፋዩ ላይ እንደ መሸፈኛ ተደርጎ። መስተንግዶ ለሕገ ወጥ ኪራይ ስም አበደረ። ደባሉም የእንግዳ ክብር የለው፤ የተከራይ መብትም የለው። ከቤቱ ሲወጣ የሚያቀርበው ወረቀት፣ የሚቆጥረው የማስጠንቀቂያ ጊዜ አልነበረውም። ስለ 1967ቱ አዋጅ የሚጻፉ ጥናቶች በአብዛኛው ቤታቸው ስለተወረሰባቸውና ኪራይ ስለተቀነሰላቸው ያወሳሉ። ሦስተኛው ወገን፣ መዝገቡ የፈጠረውና መዝገቡ የማያውቀው፣ ገና በቂ ትኩረት አላገኘም።

ታላላቆቹ ሆቴሎችም በዚያው ዘመን በመንግሥት እጅ ገብተው ግዮን፣ ራስ፣ ዋቢ ሸበሌ በሚሉ ስሞች በቡድን ተደራጁ። በእነርሱ ዘንድ የተለወጠው ባለቤቱ እንጂ የእንግዳው መዝገብ አይደለም፤ የእንግዳ ስምና መታወቂያ መጻፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የነበረ ነው።

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የግል ኪራይ ቀስ በቀስ ወደ አደባባይ ወጣ። ተከራይና አከራይ ቃላቸውን መልሰው አገኙ። ውሉ ግን እንደ ደባሉ ዘመን በቃል ቀጠለ፤ በመካከላቸው ያለው ሰው ደላላ ነው፤ ደላላ ደግሞ ኮሚሽኑን ይቀበላል እንጂ መዝገብ አይይዝም። አከራዩ መመዝገብን የሚሸሽበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከቤት ኪራይ የሚገኝ ገቢ ግብር አለበት፤ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ በሠንጠረዥ «ለ» የሚመደበው ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት ብዙም አይነገርም። የ1967 ትዝታ ያለበት ቤተሰብ የሌላ ሰው ስም ከቤቱ ቁጥር አጠገብ ሲጻፍ ይሠጋል፤ የተጻፈ ስም አንድ ቀን ይዞታ ሊሆን እንደሚችል አይቷልና። በዚህ ሥጋት ዋጋ የሚከፍለው ተከራዩ ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ መኖሪያው መሸኛ ማምጣት ብቻ አይበቃውም፤ አዲሱ ቤት የቤት ቁጥሩን ሊያውሰው ይገባል። ባለቤቱ እንቢ ካለ፣ ተከራዩ በከተማው ውስጥ ለዓመታት እየኖረ በወረቀት ሌላ አገር ይቆያል።

መንግሥት በበኩሉ ተከራዩን የፈለገበት ጊዜ ነበር፤ የፈለገው ግን ለሌላ ነገር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአንቀጽ 15 ቤት፣ ቦታ፣ ክፍል ወይም ተሽከርካሪ የሚያከራይ ሰው የተከራዩን ማንነት በዝርዝር መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ጣቢያ እንዲያሳውቅ አዘዘ። እዚህ ላይ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሳይሆን አከራዩ ነው። ቤትና ተሽከርካሪ በአንድ አንቀጽ መጠራታቸውም ሕጉ ስለ መኖሪያ እንደማያስብ ያሳያል። የሚመዘገበው ሰውየው ነው፤ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ በስንት ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚወጣ አይጠየቅም። ይህ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ቢተካም «ተከራይ ማስመዝገብ» የሚለው አነጋገር በብዙ ሰው ጆሮ የጸጥታ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል። ተከራይ ራሱም መመዝገብን እንደ ጥበቃ ሳይሆን እንደ ክትትል ቢመለከተው አያስደንቅም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የገባው በዚህ ጆሮ ላይ ነው። አዋጁ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ተረጋግጦ እንዲመዘገብ፣ ለዚህም ከተፈረመ በኋላ የ30 ቀን ጊዜ እንዲኖር ደነገገ። የኪራይ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰነው ልክ እንዲሆን፣ ገንዘቡም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲተላለፍ አደረገ። በአዲስ አበባ ሥራው ለቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ ተሰጥቶ ምዝገባው በየወረዳው ተከናወነ።

ከ2001ዱ አንቀጽ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በጊዜ መስፈሪያው ላይ ጎልቶ ይታያል። ሰውን የሚፈልግ ሕግ በሰዓት ይቆጥራል፤ ውልን የሚፈልግ በቀን። የሰዋስው አድራጊውም ተለውጧል፤ ቀድሞ አከራይ ተከራዩን ይመዘግባል፤ አሁን ሁለቱ ውላቸውን ያስመዘግባሉ። «መዘገበ» እና «አስመዘገበ» መካከል ያለችው «አስ» ትንሽ አይደለችም፤ ተከራዩን ከተደራጊነት አውጥታ ከአከራዩ ጎን በአድራጊነት ታቆመዋለች። በአርእስቱ «ቁጥጥር» ከ«አስተዳደር» መቅደሙ ግን የቀድሞው ጆሮ እንዳይፈወስ ያደርጋል። «ተቆጣጣሪ አካል» የሚለው ስያሜም ይህንኑ ያባብሳል። ቁጥጥር የሚለው ቃል በኢትዮጵያ የቢሮ አማርኛ ቦርሳ ከሚፈትሽ ሰው ጋር የተያያዘ ነው፤ «መዝጋቢ አካል» ቢባል ኖሮ ወረዳው ደጃፍ ላይ የሚታየው ማመንታት በመጠኑም ቢሆን በቀለለ ነበር።

ደባል በአዲሱ ሥርዓት ስፍራ ማግኘቱም አጠያያቂ ነው። ሁለት ክፍል ያለውን የጋራ መኖሪያ ቤት በስሙ የተከራየ ሰው አንዱን ክፍል ለጓደኛው ሲያካፍል፣ የተመዘገበው ውል የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጓደኛው ኪራዩን በባንክ የሚያስገባው ለባለቤቱ ሳይሆን ለጓደኛው ነው፤ በማስተላለፊያው ላይ የሚጽፈው ምክንያትም እንደ ልቡ ነው።

የእንግዳው በር በበኩሉ የራሱን መንገድ ሄዷል። ሆቴል ለመክፈት የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጥንት ተለያይተው የነበሩት እንግዳና ንግድ በዚህ ወረቀት ላይ እንደገና ተገናኝተዋል። በ2007 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት እርዳታ የኮከብ ደረጃ ምደባ ሲካሄድ ደግሞ ሆቴል የሚለው ስም ራሱ በኮከብ መለካት ጀመረ። በሁለቱ በሮች መካከል ግን በአዲስ አበባ እየበዛ የመጣ ሌላ ማደሪያ አለ፦ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገሮች ለክረምት ወይም ለሠርግ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ለሁለት ሳምንት፣ ለአንድ ወር የሚይዙት ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ። በቀን ስለሚከፈልበት አልጋ ይመስላል፤ ኩሽናና ቁልፍ ስላለው ቤት ይመስላል። አከፋዩ እንግዳ ይላቸዋል፤ እነርሱ ራሳቸውን የቤት ልጆች አድርገው ያያሉ፤ በር ጠባቂው ተከራዮች ይላቸዋል። ሰዎቹ «ገስት ሐውስ» ይሉታል፤ ሰሌዳ የሰቀለውም ሳይሰቅል የሚሠራውም በዚሁ ስም ይጠራል። የሁለት ዓመት ውል የሚጠይቀው አዋጅ ለእነርሱ አልተጻፈም፤ ኮከብ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም በሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ በር ሆቴል ነው ብሎ አይመጣም። ባለንብረቱ በየትኛው መስኮት እንደሚሰለፍ የሚወስነው ለጊዜው ማደሪያውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ነው።